14 ዓመት የኖርኩበትን ፌስቡክ ልዝጋው?

ጥያቄ፦

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፤

የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ የሁለት ልጆች እናት፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት። ፌስቡክ የከፈትኩት በ22 ዓመቴ ነው። ያኔ የተሰማኝን ሁሉ እጽፍ ነበር፤ ያፈቀርኩትን፣ የተጣላሁትን፣ ያለቀስኩበትን። ዛሬ 4,300 ጓደኞች አሉኝ፤ ግማሾቹን መንገድ ላይ ባገኛቸው አላውቃቸውም።

ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ተማሪዬ፣ ከቀድሞ ፍቅረኛዬ ጋር ስንለያይ የጻፍኩትን ፖስት አግኝቶ በእረፍት ሰዓት ለጓደኞቹ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ክፍል ስገባ የሳቁት ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። የዚያን ዕለት ማታ ፖስቶቼን ማጥፋት ጀመርኩ። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስሰርዝ አምሽቼ የአንድ ዓመቱን እንኳ አልጨረስኩም። መሃል ላይ ከሦስት ዓመት በፊት ያረፈው ወንድሜ የጻፈልኝን ኮመንት አገኘሁ። «እኔ አለሁልሽ አይደል?» ይላል። ከዚያ በኋላ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

እህቴ «ዝጊውና ተገላገዪ» ትለኛለች። ነገር ግን ርቃ የምትኖረው እናታችን የልጆቼን ፎቶ የምታየው እዚያ ነው። አብረውኝ የተማሩ ልጆች ያሉበት ግሩፕም አስተዳዳሪው እኔ ብቻ ነኝ። ከዘመድ አንዱን ከጓደኝነት ባወጣ «ናቀችን» የሚለው ወሬ ከወዲሁ ይሰማኛል። አዲስ አካውንት ልክፈት ብዬም አስቤ ነበር። ሌላም ነገር አለ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ እከፍተዋለሁ፤ አንድ ሰዓት ሳላውቀው ያልፋል፤ ስዘጋው ደክሞኝና ከፍቶኝ ነው የምተኛው።

ልዝጋው? ልጥረገው? ወይስ እንዳለ ልተወው?

ግራ የገባኝ እህታችሁ

መልስ፦

ውድ እህታችን፣

ከደብዳቤሽ ውስጥ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው «ከሦስት ሳምንት በፊት» በሚለው ላይ ነው። ያን ሌሊት የሰረዝሻቸው ፖስቶች ምናልባት ገና አልጠፉም። ፌስቡክ ላይ ወደ ትራሽ (የተሰረዙ ነገሮች መቆያ) የተላከ ፖስት 30 ቀን እዚያ ይቆያል፤ ለዘለዓለም የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የቀረሽ ጥቂት ቀን ነው። ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁሚና ወደ ፕሮፋይልሽ ሂጂ፤ ሦስቱን ነጥቦች ነክተሽ አክቲቪቲ ሎግን (እስከዛሬ ያደረግሽው ሁሉ የተመዘገበበትን) ክፈቺ፤ ትራሽ የሚለውን ግቢ። ወንድምሽ ኮመንት የጻፈባቸውን ወይም ልብሽ የሚሳሳላቸውን ሁሉ መልሺ። የትኞቹ እንደሆኑ ካላስታወስሽ ሁሉንም መልሺ፤ በኋላ ረጋ ብለሽ ታዪያቸዋለሽ። ስትመልሻቸው ግን ቀድሞ ወደነበሩበት ገጽ ላይ ስለሚወጡ፣ ለሰው እንዲታይ የማትፈልጊውን እዚያው ወዲያው ተመልካቹን ወደ ኦንሊ ሚ (አንቺ ብቻ የምታዪው) ቀይሪው። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ለጊዜው ምንም አትሰርዢ።

ስለ ወንድምሽ ቃል ሦስት ነገር ልብ በይ። ፖስት ሲጠፋ ከሥሩ ያሉት ኮመንቶች አብረውት ይጠፋሉ። ተመልካቹ ወደ ኦንሊ ሚ ሲቀየር ግን ኮመንቱ ባለበት ይቆያል፤ የምታዪው አንቺ ብቻ ትሆኛለሽ። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፦ ኮመንቱ የእሱ አካውንት ንብረት ስለሆነ፣ አንድ ቀን የእሱ አካውንት ከተሰረዘ አንቺ ምንም ሳትነኪ ሊጠፋብሽ ይችላል። በመሆኑም የሚያስተማምነው ስክሪንሾት ነው። በኮምፒውተር ብትሠሪው ይሻላል፤ ከኮመንቱ ሥር በአጭሩ የተጻፈው የጊዜ ምልክት ላይ ማውሱን ስታሳርፊበት ሙሉው ቀንና ሰዓት ይወጣል። ፖስቱም፣ ኮመንቱም፣ ቀኑም በአንድ ፎቶ እንዲገቡ አድርጊ። ፎቶዎቹን ስልክሽ ላይ ብቻ አትተዪያቸው፤ ሌላ ቦታም አንድ ቅጂ ይኑራቸው።

ከቤተሰቡ ጋር ስለ እሱ አካውንት ተነጋግራችሁ ታውቃላችሁ? ፌስቡክ ቤተሰብ ሲጠይቅ የሟችን ገጽ የመታሰቢያ ገጽ ያደርገዋል። ከስሙ አጠገብ ሪመምበሪንግ የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው እንኳ ከዚያ በኋላ ሊገባበት አይችልም፤ የልደቱ ማስታወሻም ለጓደኞቹ መድረሱ ያቆማል። ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ገጹን የሚጠብቅለት ሰው (ሌጋሲ ኮንታክት) ካልመረጠ፣ እንዲህ ያለ ገጽ አዲስ የጓደኝነት ጥያቄ አይቀበልም። ስለዚህ ወደፊት የጓደኞችሽን ዝርዝር ስትቀንሺ በድንገት የእሱን ስም ብትነኪ መመለሻ ላይኖረው ይችላል። መጀመሪያ እሱን ለይተሽ አስቀምጪው።

አሁን ወደ ተማሪው ነገር ልምጣ። አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ መልሺው። ያሳፈረሽ የጻፍሽው ነው ወይስ ሳትፈቅጂ መነበቡ? ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። «ይህን መጻፍ አልነበረብኝም» የምትዪው ፖስት ካለ መሰረዝ ያሳርፍሻል። «እውነት ነበር፣ ተሰምቶኝ ነው የጻፍኩት፣ ግን ለእነሱ አልነበረም» የምትዪው ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ያለው ፖስቱ ለማን ክፍት እንደሆነ ላይ ነው። በ22 ዓመት ልብ መሰበርና መጻፍ ነውር የለበትም። በጊዜው ያነበቡት እኩዮችሽ ነበሩ። ሰዎቹ ሲቀየሩ ገጹ ሳይቀየር መቅረቱ ነው ዛሬ ያስጨነቀሽ። ከደብዳቤሽ እንደገባኝ አብዛኛው ጽሑፍሽ ከሁለተኛው ወገን ነው፤ ቀጥሎ የምጽፍልሽም በዚሁ ላይ የቆመ ነው።

ልዝጋው ላልሽው፣ አሁን አትዝጊው እላለሁ። እህትሽ ተቆርቁራልሽ ነው፤ ግን በአንድ ቁልፍ የሚዘጋው እናትሽ የልጆችሽን ፎቶ የምታይበትን፣ የወንድምሽን ቃልና የግሩፑን አስተዳደር ሁሉ ይዞ ነው። ዕረፍት ብቻ ከሆነ የሚያስፈልግሽ ዲአክቲቬት ማድረግ ትችያለሽ። ፕሮፋይልሽ ከሰው ዓይን ይሰወራል፣ ምንም አይጠፋም፣ ሜሴንጀርንም ትተሽው ለእናትሽ ፎቶ መላክ ትችያለሽ። አንድ ወጥመድ ግን አለው፦ በፌስቡክ አካውንትሽ የምትገቢበት ሌላ አፕ ካለና በዚያ ከገባሽ፣ የተደበቀው ገጽ ሳታስቢው ተመልሶ ይከፈታል። ሰዎች «ዘግቼው ነበር፣ ማን ከፈተው?» የሚሉት ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

አዲስ አካውንት መክፈትም ችግሩን አይነካውም። የፌስቡክ ደንብ ለአንድ ሰው አንድ የግል አካውንት ነው የሚፈቅደው። ከ2023 ጀምሮ በዚያው አካውንት ውስጥ እስከ አራት ተጨማሪ ፕሮፋይሎች መክፈት ይቻላል፤ ለመምህርነት ሥራሽ አንድ መለየት ከፈለግሽ መንገዱ ያ ነው። ነገር ግን አሮጌው ገጽ እንዳለ ተቀምጦ አዲስ መጨመር፣ ማታ ማታ የሚደክምሽን ሁለት እጥፍ ማድረግ ነው። መጀመሪያ ያለው ይስተካከል።

ሴቲንግ ከመንካትሽ በፊት ወረቀት ያዢ። ይህን ገጽ ዛሬ፣ በ36 ዓመትሽ፣ ከባዶ ብትከፍቺው ኖሮ ማንን ትጋብዢ ነበር? ምን ልታሳያቸው? ስም በስም ጻፊ። እናትሽ አለች። አብረውሽ የተማሩት አሉ፤ እነሱ ግን ግሩፕ ስላላቸው ፕሮፋይልሽ ላይ ላያስፈልጉ ይችላሉ። ምናልባት 60 ሰው፣ ምናልባት 150 ይሆናል። ይህ ዝርዝር ከዚህ በኋላ ለሚመጣው ውሳኔ ሁሉ ሚዛን ይሆንሻል፤ አንድ ፖስት ፊትሽ ሲመጣ «ይህ ለእነዚህ ሰዎች ነው?» ብለሽ ብቻ ትጠይቂያለሽ። ያን ሌሊት የደከምሽው ይህ ሚዛን ስላልነበረሽም ጭምር ይመስለኛል። በእያንዳንዱ ፖስት ላይ ሕይወትሽን እንደገና እየመዘንሽ፣ ሌሊቱን ሙሉ፣ ማን ይችላል?

ከዚያ መጀመሪያ ቅጂ አውርጂ። የምናሌዎቹ ቦታ አልፎ አልፎ ስለሚቀያየር በሴቲንግ ውስጥ ባለው መፈለጊያ «ዳውንሎድ ዩር ኢንፎርሜሽን» ወይም «ኤክስፖርት ዩር ኢንፎርሜሽን» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጽፈሽ መግባት ይቀላል። እዚያ ሦስት ነገር አስተካክዪ፦ የጊዜ ክልሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለው ሁሉ ይሁን፤ የፎቶ ጥራቱ ከፍተኛው ይሁን፤ የፋይሉ ዓይነት ኤችቲኤምኤል ይሁን፤ እሱ በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ እንደ ድረ ገጽ ተከፍቶ ይነበባል። ጄሰን የሚለው መረጃን ወደ ሌላ አገልግሎት ለማሸጋገር ነው፤ ለንባብ አይመችም። የ14 ዓመት ፎቶና ጽሑፍ ለማዘጋጀት ሰዓታት አንዳንዴም ቀናት ይወስዳል፤ ሲያልቅ ማሳወቂያ ይደርስሻል። የማውረጃው ማስፈንጠሪያ የሚቆየው ለጥቂት ቀን ብቻ ስለሆነ በቂ ኢንተርኔትና ባዶ ቦታ ያለው ኮምፒውተር በምታገኚበት ሳምንት ጠይቂው። ፋይሉ ውስጥ የግል መልእክቶችሽ ጭምር ስላሉ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ አትተዪው። ደግሞም ፋይሉ በዋናነት የሚይዘው የአንቺን መረጃ ነው፤ ሌሎች ከሥሩ የጻፉልሽን በእሱ አትተማመኚ። ከላይ ስክሪንሾት አንሺ ያልኩሽ ለዚህም ነው።

ቅጂው እጅሽ ከገባ በኋላ አንድ ትልቅ እርምጃ በጥቂት ደቂቃ ይፈጸማል። በፕራይቬሲ ሴቲንግ ውስጥ «ሊሚት ፓስት ፖስትስ» የሚል አለ። እሱን ስትነኪ እስከዛሬ ለሁሉም ወይም ለጓደኛ ጓደኛ ክፍት የነበሩት ፖስቶችሽ በሙሉ ለጓደኞች ብቻ ይሆናሉ። በአንድ ጊዜ መልሶ መክፈት አይቻልም፤ ብትፈልጊ አንድ በአንድ ነው። ተማሪው ያንን ፖስት ያገኘው ፐብሊክ ስለነበረ ከሆነ በዚህ ይዘጋል። ብዙ ሰው ግን እዚህ ላይ «ጨረስኩ» ብሎ ይተወዋል፤ ያንቺ ጓደኞች ደግሞ 4,300 ናቸው። ተማሪው ወይም የተማሪው ታላቅ ወንድም ከእነሱ አንዱ ከሆነ ምንም አልተቀየረም። አንድ ፖስት ላይ ሌላ ሰው ታግ ተደርጎ (ስሙ ተያይዞ) ከሆነም የዚያ ሰው ጓደኞች ሊያዩት የሚችሉበት መንገድ አለ።

ስለዚህ ቀጥሎ አርካይቭ አድርጊ። አክቲቪቲ ሎግ ውስጥ ፖስቶችን በዓመት አጣርተሽ፣ ብዙዎቹን በአንድ ጊዜ መርጠሽ አርካይቭ የሚለውን ትነኪያለሽ። ትራሽ በ30 ቀን ራሱን ያጸዳል፤ አርካይቭ ግን አይጠፋም። አንቺ ብቻ የምታዪው ማስቀመጫ ነው፣ ባሻሽ ጊዜ ትመልሺዋለሽ። አንዱን ዓመት በአንድ ቀን፣ ከ40 ደቂቃ በላይ ሳትቀመጪበት ሥሪ። በጣም ብዙ ፖስት በአንድ ጊዜ ስትመርጪ ገጹ ይንቀራፈፋል፣ ምልክት ያደረግሽበት ምርጫም ሊጠፋብሽና እንደገና ልትጀምሪ ትችያለሽ፤ በ50 በ50 ከፋፍለሽ ብትሄጂ ይሻላል። ከጥንቶቹ ዓመታት ጀምሪ፤ ዛሬ ሰው የሚያስቅብሽ ያለው እዚያ ነው። ማንበብ አትጀምሪ። ይህን አጥብቄ የምነግርሽ በዚያ ሌሊት የሆንሽውን ስለጻፍሽልኝ ነው። ማንበብ የምትፈልጊ ከሆነ ሌላ ቀን፣ እህትሽ አጠገብሽ ባለችበት፣ ለማልቀስም ለመሳቅም ጊዜ ይዘሽ ይሁን።

ከዚህ ሁሉ የሚያመልጡ ጥቂት ነገሮች አሉ። የአሁኑ የፕሮፋይል ፎቶና የላይኛው ሰፊ ፎቶ ምንጊዜም ለሁሉም ይታያሉ፤ ስለዚህ የልጆችሽን ፊት እዚያ ባታደርጊ እመርጣለሁ። የቀድሞ የፕሮፋይል ፎቶዎችሽ ደግሞ አልበሙ በአንድ ጊዜ ስለማይዘጋ እያንዳንዱን ከፍተሽ ተመልካቹን መቀየር አለብሽ። ከሥራቸው የተጻፉትን ኮመንቶች አትርሺ፤ የ23 ዓመት ልጅ ፎቶ ሥር ጓደኞቿ የሚጽፉትን ታውቂዋለሽ። ሌሎች ሰዎች ታግ ያደረጉሽ ፎቶ ላይ ታጉን ማንሳት ትችያለሽ፤ ፎቶው ግን በባለቤቱ ገጽ ላይ ይቆያል። እንዲነሳ የምትፈልጊው ካለ በግል መልእክት «ይህቺን ፎቶ ብታወርድልኝ ደስ ይለኛል» ብለሽ መጠየቅ ነው፤ ሳታብራሪ ብትጠይቂም አብዛኛው ሰው እሺ ይላል። ለወደፊቱ «ታግ ስደረግ አስቀድሜ ልይ» የሚለውን አማራጭ አብሪው። በሕዝብ ገጾች ላይ የጻፍሻቸው ኮመንቶችም በሊሚት ፓስት ፖስትስ አይነኩም። አክቲቪቲ ሎግ ውስጥ ኮመንትስ በሚለው ሥር ተዘርዝረው ታገኛቸዋለሽ፤ እነሱን መሰረዝ እንጂ መደበቅ የለም። የልደት ዓመትሽን፣ ስልክ ቁጥርሽንና የጓደኞችሽን ዝርዝር ደግሞ ወደ ኦንሊ ሚ ቀይሪ።

የቀድሞ ፍቅረኛሽን ጉዳይ በተመለከተ ሜሞሪስ የሚባለውን ክፍል ተመልከቺ። «ዛሬ ከ13 ዓመት በፊት» እያለ የሚያመጣልሽ እሱ ነው። ሴቲንጉ ውስጥ እንዳይመጡብሽ የምትፈልጊያቸውን ሰዎችና ቀኖች መመዝገብ ይቻላል። ወንድምሽ ያረፈበትን ሰሞን እዚያ ላይ ማስገባት ትፈልጊ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። አንዳንዱን ሰው ድንገት ሲመጣ ያጽናናዋል፣ አንዳንዱን ሥራ ላይ ሆኖ ያስለቅሰዋል።

ዘመዶችሽን እንዳታስቀይሚ መፍራትሽ ይገባኛል። ደግነቱ ማንንም ሳታስወጪ የምትሠሪው ብዙ ነው፤ ሁለቱን ግን አታምታቺ። አንፎሎው ስታደርጊ የእነሱ ፖስት ለአንቺ አይመጣም፤ እነሱ ግን ያንቺን ያያሉ። ሪስትሪክትድ የሚለው ዝርዝር ውስጥ ስታስገቢያቸው ደግሞ ጓደኛሽ ሆነው ይቆያሉ፤ የሚያዩት ፐብሊክ ያደረግሽውንና እነሱን ታግ ያደረግሽበትን ብቻ ነው። ሁለቱም ሲደረጉ ለማንም ማሳወቂያ አይደርስም። የሚያጨቃጭቅ ነገር የሚለጥፍ አጎት ካለ ለእሱ አንፎሎው፤ ያየችውን ሁሉ ለሰው የምታወራ አክስት ካለች ለእሷ ሪስትሪክትድ ይበቃል።

የማታውቂያቸውን በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ቅዳሜ ለማስወጣት አትሞክሪ፤ ዝርዝሩ አያልቅም፣ በችኮላም የማይሆን ሰው ይወጣል። በልደታቸው ቀን ሥሪው። ፌስቡክ በየዕለቱ የዕለቱን ባለልደቶች ያሳይሻል። 4,300 ለ365 ሲካፈል በቀን ወደ 12 ሰው ነው፤ ልደታቸውን የማይገልጹ ስላሉ ቁጥሩ ከዚያም ያንሳል። ስሙን አይተሽ «መልካም ልደት» ለማለት እጅሽ ካልተነሳ፣ ማን እንደሆነም ካላስታወስሽ፣ አንፍሬንድ አድርጊው። ማሳወቂያ አይደርሰውም። ካስታወስሽው ደግሞ መልካም ምኞትሽን ጽፈሽለት ታልፊያለሽ። በሁለት ደቂቃ ያልቃል፤ በዓመቱ መጨረሻ ሳትጨነቂ ዝርዝሩ በወረቀትሽ ላይ ወዳሉት ሰዎች ይቀርባል።

ለተማሪዎች ግን ልደት አትጠብቂ። በዚህ ሳምንት ፈልገሽ አውጪያቸው፤ ሁሉንም እኩል። ትምህርት ቤትሽ በዚህ ላይ ያወጣው ደንብ ካለ አስቀድመሽ እዪው። «በማስተምርበት ጊዜ ተማሪን በግል ገጼ ጓደኛ አላደርግም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ክፍል ውስጥ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ብትናገሪ ማንም በተለይ ተነካሁ አይልም። የጓደኝነት ጥያቄ መላክ የሚችሉት የጓደኛ ጓደኞች ብቻ እንዲሆኑ አድርጊ፤ በስልክ ቁጥርሽ ማን ሊፈልግሽ እንደሚችልም ወስኚ። ከፌስቡክ ውጭ ያሉ መፈለጊያዎች ፕሮፋይልሽን እንዳያገናኙ የሚያደርገውን ቁልፍም አጥፊው፤ የቀድሞው ውጤት ከመፈለጊያዎቹ እስኪወርድ ግን ጊዜ ይወስዳል።

ያነበበውን ልጅ ታናግሪው? እኔ ብትናገሪው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ጓደኞቹ በሌሉበት፣ በአጭሩ። «ያነበብከው ከብዙ ዓመት በፊት ሐዘን ላይ ሆኜ የጻፍኩት ነው። ለክፍል ጓደኞችህ ማንበብህ ጎድቶኛል። ፎቶ አንስተህ ከሆነ አጥፋው።» ከዚህ በላይ አታስረዚ፣ አትቆጪም። ይህ ለእኔ ከባድ ነው ካልሽ ደግሞ የምታምኚው ባልደረባ አብሮሽ ይሁን። ልጁ ስክሪንሾት ይዞ ከሆነ የትኛውም የፌስቡክ ሴቲንግ እሱ ዘንድ አይደርስም፤ ለዚህ ነው ንግግሩ ከቁልፎቹ ሁሉ የሚበልጠው። ነገሩ ከተደጋገመ ወሬ ሆኖ ከሚደርሳቸው ቀድመሽ ለርዕሰ መምህሩ ራስሽ ንገሪ።

ማታ ማታ ስለሚሆነው ልጠይቅሽ፦ ስትከፍቺው ምን ፈልገሽ ነው? የእናትሽን መልስ? የሰው ድምፅ? ቀኑን ሙሉ ለሌላው ስትሠሪ ውለሽ የራስሽ የሆነ ጊዜ? ለአንድ ሳምንት ያህል ከመክፈትሽ በፊት አንድ ቃል ወረቀት ላይ ጻፊ፣ ስትዘጊውም እንዲሁ። ሁለቱ ቃላት የማይገናኙባቸውን ምሽቶች ራስሽ ታያቸዋለሽ። የምትፈልጊው የቅርብ ሰዎችሽን ወሬ ከሆነ ፌስቡክ በ2022 ያስገባው ፊድስ የሚል ክፍል አለ፤ እዚያ የጓደኞችሽ ፖስት በጊዜ ቅደም ተከተል ይመጣል፣ ያላወቅሻቸው ገጾች አይደባለቁበትም። እስከ 30 ሰዎችንና ገጾችን ፌቨሪትስ ብለሽ መምረጥ ትችያለሽ፤ ከወረቀትሽ ላይ የመጀመሪያዎቹን 30 እዚያ አስገቢ። ኖቲፊኬሽኖችን ከኮመንትና ከመልእክት በስተቀር አጥፊያቸው። ለጥቂት ጊዜ ማየት የማትፈልጊው ሰው ካለ ስኑዝ የሚለው ፖስቱ ለ30 ቀን እንዳይመጣብሽ ያደርጋል።

ለእናትሽ ፎቶ የምትለጥፊበትን መንገድም ለዪው። የቤተሰብ ዝርዝር አዘጋጅተሽ የልጆቹን ፎቶ ለእነሱ ብቻ ክፈቺ። አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ የተመልካች ምርጫው የመጨረሻውን ያስታውሳል። ዛሬ የሥራ ማስታወቂያ ፐብሊክ አድርገሽ ከለጠፍሽ፣ ነገ የልጅሽን ፎቶ ስትለጥፊ ምርጫው ፐብሊክ ላይ ቆሞ ሊጠብቅሽ ይችላል። ከመለጠፍሽ በፊት ከስምሽ ሥር ያለችውን ትንሽ ምልክት የማየት ልማድ ይኑርሽ።

ይህን ሁሉ ስትጨርሺ «ቪው አዝ» በሚለው ገጽሽ ለማያውቅሽ ሰው ምን እንደሚመስል እዪ። ይህ የሚያሳየው ግን ፐብሊክ የሆነውን ብቻ ነው። ድሮ በአንድ በተወሰነ ሰው ዓይን ማየት ይቻል ነበር፤ በ2018 ከተፈጠረ የደኅንነት ችግር በኋላ ያ አማራጭ ቀረ። ስለዚህ እህትሽን ጥሪያትና በእሷ ስልክ ፕሮፋይልሽን ክፈቱት፤ ወደታች እስከመጨረሻው አብራችሁ እዩት። «ዝጊው» ስትልሽ ያሰበችው አንቺን ለማሳረፍ ስለሆነ ይህን ሥራ ደስ ብሏት የምትሠራው ይመስለኛል።

ለግሩፑም ሁለተኛ አስተዳዳሪ አሁኑኑ ሹሚ፤ ፌስቡክን ብትዘጊም ባትዘጊም የአንድ ሰው ስልክ ሲጠፋ ግሩፑ ያለ ባለቤት መቅረት የለበትም። የአንቺም አካውንት የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ኮድ የሚጠይቅ) ይኑረው።

ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ይህን ሁሉ አድርገሽም ገጹ ከከበደሽ፣ ያኔ መዝጋት ትችያለሽ፤ ማንም «ለምን?» ሊልሽ አይገባም። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በፌስቡክ የምትገቢባቸውን አፖች «አፕስ ኤንድ ዌብሳይትስ» ውስጥ አይተሽ በእያንዳንዱ ላይ በኢሜይልና በይለፍ ቃል መግባት ጀምሪ፤ የግሩፑ አዲስ አስተዳዳሪ ኃላፊነቱን መቀበሉን አረጋግጪ፤ እናትሽ ፎቶ የምታገኝበት ሌላ መንገድ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ሲሠራ እዪ፤ ያወረድሽውን ፋይል ከፍተሽ ፎቶዎቹ እንደሚታዩ፣ የወንድምሽ ስክሪንሾቶችም በሁለት ቦታ እንዳሉ ተመልከቺ። ከዚያ ዲሊት ስትዪ 30 ቀን የማሰቢያ ጊዜ ይሰጥሻል፤ በመሃሉ ከገባሽ መሰረዙን መተው ትችያለሽ። ከ30 ቀን በኋላ መመለሻ የለውም፤ መረጃው ከፌስቡክ ማከማቻዎች ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ግን እስከ 90 ቀን ሊወስድ ይችላል። ለሰዎች የላክሻቸው መልእክቶች በእነሱ ሳጥን ውስጥ ይቀራሉ።